ከሰው ላይ የሚገዛ የቴአትር ቲኬት፦ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለሚነሱ ተመልካቾች

እሁድ ከሰዓት ቴአትር ማየት የፈለገ የአራዳ ወይም የሜክሲኮ ሰው በሳምንቱ መሐል ከሥራ ሲወጣ ወደ ቲኬት መሸጫው ጎራ ብሎ ጉዳዩን ይጨርሳል። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ለሚነሳ ሰው ግን ቲኬት ለመቁረጥ ብቻ ከተማ ገብቶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ስልካቸው ይዞራሉ። ቴሌግራም ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ከቲክቶክ ቪዲዮ ሥር «ሁለት ትርፍ ቲኬት አለኝ፣ የሚፈልግ ኢንቦክስ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ከጸሐፊዎቹ መካከል ፕሮግራሙ የተፋለሰበት እውነተኛ ተመልካች አለ፤ ቲኬት ሰብስቦ አየር ባየር የሚነግድ አለ፤ የአንዲት ቲኬት ፎቶ ይዞ ለደርዘን ሰው የሚሸጥ አጭበርባሪም አለ። ሦስቱም የሚጽፉት ግን ያው አንድ ዓይነት ነው።

በዳር ከተሞች ነዋሪ ላይ ጉዳቱ ይከብዳል። ቲኬቱ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ የአራት ኪሎው ሰው ተናድዶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሱሉልታው ቤተሰብ ግን የቲኬቱን ብር፣ የታክሲውን ደርሶ መልስ፣ ለልጆች የተገባውን ቃልና የሳምንቱን አንድ የእረፍት ቀን አብሮ ያጣል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች በአብዛኛው ታክሲ ከመሳፈርዎ በፊት የሚያልቁትም ለዚህ ነው።

በሌላው ዓለም በትልልቅ የቲኬት መገበያያ ድረ ገጾች ላይ ገንዘቡን መሐል ሆኖ የሚይዝ ሦስተኛ ወገን አለ። ለምሳሌ ስተብሃብ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በተለመደው አሠራሩ ለሻጩ የሚከፍለው ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ነው። እርስዎ ቴሌግራም ላይ ካገኙት ሰው ጋር ተነጋግረው በቴሌብር ሲከፍሉ ግን መሐል የሚቆም ማንም የለም። ገንዘቡ በቅጽበት ይደርሳል፤ ቲኬቱ መድረሱ የሻጩ ፈቃድ ነው። የዚህ መመሪያ ፍሬ ነገር ይህንን የጎደለ ሦስተኛ ወገን በእርስዎ ጥንቃቄ መተካት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎ ብዙ አይደለም። ባትሪው የሞላ ስልክ፣ ለጥሪ የሚበቃ ካርድ፣ በቂ ሒሳብ ያለው ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ውስጥ ቢደውሉለት የማይታክተው አንድ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ይጠቅማል።

1. መጀመሪያ ዋናውን መስኮት ይጠይቁ

ከሰው ላይ ለመግዛት የሚቸኩሉ ብዙዎች ቲኬቱ በዋናው መሸጫ ማለቁን እንኳ አላጣሩም። ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ በማዘጋጃ ቤት የሚገኘው የቴአትርና ባህል አዳራሽ፣ አራት ኪሎ ያለው የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር የመንግሥት ቤቶች ናቸው፤ የመግቢያ ዋጋቸው የታወቀ ነው፤ ቲኬታቸውም በሰፊው የሚሸጠው በራሳቸው መስኮት ነው። አዳራሽ ጢም የሚለው በምረቃ ቀን፣ በበዓል ሰሞን ወይም ብዙ የተወራለት ቴአትር የመጨረሻ ትርኢቱን ሲያሳይ ነው። በሌላው ጊዜ ቀደም ብሎ የደረሰ ሰው በሩ ላይ ቆርጦ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ለነጋዴ ጭማሪ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።

በማስታወቂያው ወረቀት ወይም በአዘጋጁ ገጽ ላይ ወዳለው ስልክ ይደውሉ። የሻጩን ቃል ይዘው ሳይሆን ራሳቸውን አዘጋጆቹን ይጠይቁ። ትርኢቱ በተባለው ቀን በእርግጥ አለ? አዳራሹ እድሳት ላይ ሆኖ ወይም በሌላ ምክንያት ቦታ ተቀይሯል? ቲኬት አልቋል? ቲኬቱ የወረቀት ነው ወይስ በስልክ የሚላክ? ወንበሩ ቁጥር አለው? ቲኬት የገዛ ሰው ለሌላ ማስተላለፍ ይፈቀድለታል? መልሶቹን ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ በኋላ ሻጩን የሚፈትኑት በእነዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሻጩ የላከውን ስልክ ቁጥር «የአዘጋጁ ነው» ብሎ ማመን ነው። ተባባሪው ስልኩን አንሥቶ «አዎ፣ ቲኬት አልቋል» ሊልዎት ይችላል። ቁጥሩን ራስዎ ይፈልጉት፤ ካላገኙት ከተማ ያለው ሰውዎ በአዳራሹ በር ሲያልፍ ጠይቆ ይንገርዎት።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ያጣሩ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ክርክር የሚያስነሳው ግን እሱ ነው። እኛ 8 ሰዓት የምንለው በስልክ ላይ ባለው ቲኬት 14:00 ወይም 2:00 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የምሽቱ 12 ሰዓት ትርኢት 6:00 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ደርሶ በር ተዘግቶ የሚያገኝ ሰው አለ። ቀኑም እንደዚሁ ነው። 9/2 ሲባል በእኛ ጥቅምት 9 ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 9 ነው። አጭበርባሪ ሻጭ ይህንን ውዥንብር ይወደዋል፤ ያለፈበትን ቲኬት ሸጦ ሲያበቃ «አንተ ነህ በደንብ ያላነበብከው» ይላል።

ከሻጩ ጋር ሲጻጻፉ የሳምንቱን ቀን ጨምረው በሙሉ ይጻፉት፦ «እሁድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ ከቀኑ 8 ሰዓት»። እሱም በዚያው መልክ እንዲያረጋግጥልዎት ያድርጉ። የሳምንቱ ቀንና የወሩ ቀን ካልተገጣጠሙ አንዱ ስህተት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይጣራ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

3. የሚገዙት ምን ዓይነት ቲኬት እንደሆነ ይወቁ

የወረቀት ቲኬት ከጥራዝ የሚቀደድ ነው። ተከታታይ ቁጥር አለው፤ ዋጋው ይጻፍበታል፤ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ማህተም ያርፍበታል፤ በር ላይ ቆራጩ ጉራጁን ለራሱ ያስቀራል። ጥሩ ጎኑ አንድ ወረቀት አንድ ሰው ብቻ ማስገባቱ ነው፤ በእጅዎ ከገባ ሌላ ሰው ሊገባበት አይችልም። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው ሊያመሳስለው መቻሉ ነው። ቀኑ በእጅ የተጻፈ ወይም በማህተም የተመታ ከሆነ መሰረዝ መደለዙን በብርሃን ይመልከቱ።

በስልክ የሚላክ ቲኬት ደግሞ ኪውአር ኮድ ወይም የማረጋገጫ ቁጥር አለው። በሩ ላይ ያለው መሣሪያ የሚቀበለው መጀመሪያ የደረሰውን ነው። ኮዱ በስክሪንሾት ለአሥር ሰው ቢላክ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፤ ዘጠኙ ውጭ ይቀራሉ። ከሰበታ የሚመጣ ሰው ደግሞ በጀሞ ወይም በአየር ጤና መጨናነቅ ምክንያት ከዘጠኙ አንዱ የመሆን ዕድሉ ይበዛል። በስልክ የሚላክ ቲኬት ከሰው ላይ ሲገዙ ጥንቃቄዎን እጥፍ ያድርጉት።

ሦስተኛው ዓይነት የጥሪ ካርድ ነው። በምረቃ ሰሞን ለእንግዶች በነፃ የተሰጠ ካርድ ሲሸጥ ይታያል። በስም የተሰጠ ከሆነ በር ላይ ስም ሊጠየቅ ይችላል፤ የተመደበው ወንበር ለባለቤቱ የተያዘ ከሆነም ያሳፍራል። «ቪአይፒ ነው፣ ዋጋው ለዚህ ነው» ቢባሉም አይግዙት።

4. ሻጩን ይለዩ

የቴሌግራም ስምና ፎቶ ማንነት አያሳዩም፤ ማንም የፈለገውን ስምና ፎቶ መለጠፍ ይችላል። ከሥር ያለውን የመለያ ስም ፊደል በፊደል ይመልከቱ፤ በላቲን ፊደል ትንሿ ኤል በትልቁ አይ ስትተካ ዓይን አይለያትም፤ የታወቀ የቲኬት ቻናል አስተዳዳሪ የሚመስል አካውንት የሚፈጠረውም በዚሁ ነው። ግሩፕ ውስጥ «ቲኬት የት ይገኛል?» ብለው ከጻፉ በኋላ በውስጥ መስመር «እኔ አስተዳዳሪው ነኝ» ብሎ የሚመጣን ሰው ግሩፑ ላይ በአደባባይ እንዲመልስልዎት ይጠይቁት። ካልፈቀደ ይተዉት።

ቀጥሎ የሚመጣው የስልክ ጥሪ ነው። አገራችን ውስጥ ሲም ካርድ በመታወቂያ ስለሚመዘገብ፣ በስልክ ቁጥሩ የሚያናግርዎ ሰው በቴሌግራም ብቻ ከሚጽፍልዎት የተሻለ ዱካ ይተዋል። ጥሩ መመዘኛ ይኸውና፦ የሚደውልበት ቁጥርና ብሩን የሚቀበልበት የቴሌብር ቁጥር አንድ ይሁን፤ በቴሌብር ላይ የሚወጣው ስምም ራሱን ከጠራበት ስም ጋር ይግጠም። «የኔ ሒሳብ ተዘግቷል፣ በእህቴ አስገባ» የሚል ነገር ከመጣ ግዢው እዚያው ላይ ያብቃ። እህቱ እውነተኛ ልትሆን ትችላለች፤ እርስዎ ግን ያንን የሚያጣሩበት መንገድ የለዎትም።

የመጀመሪያው መልእክትዎ ጨዋና ግልጽ ቢሆን ብዙ ነገር ያሳጥራል። እንዲህ ሊጽፉ ይችላሉ፦

«ሰላም ወንድሜ። የእሁድ ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሁለት ቲኬት አሁንም አለ? የምመጣው ከሱሉልታ ስለሆነ መጀመሪያ በስልክ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። በር ላይ ተገናኝተን ቲኬቱን ስቀበል ብሩን እዚያው በቴሌብር አስገባለሁ። ቴሌብርህ በምትደውልበት ቁጥር ነው?»

እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይከፋም፤ ምናልባት በር ላይ መገናኘት አይመቸኝም ብሎ ሌላ መላ ያቀርባል። አጭበርባሪው ግን ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ጥሪውን ይሸሻል፤ ያጣድፋል። «ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላስገባህ ለሱ እሰጠዋለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከመጣ «ይስጡት፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይሰናበቱት። ያመለጠ ቴአትር በሌላ ሳምንት ይታያል።

ዋጋውንም ልብ ይበሉ። ከመስኮቱ ዋጋ በታች፣ ያውም ቲኬት ባለቀበት ቀን የሚሸጥ ካለ ይጠይቁት፤ የተቸገረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወጥመድም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የመስኮቱን ዋጋ እጥፍ የሚጠይቀው አየር ባየር ነጋዴ ቲኬቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ብዙ ተመልካች ሊገባበት የሚችለውን ወንበር አፍኖ የያዘ ነው። እኔ ብሆን አልገዛውም። ሁላችንም ባንገዛው ዋጋው ይወርዳል።

5. ፎቶውን ይመርምሩ

ቻናሉ ላይ የተለጠፈው ፎቶ አይበቃም፤ ከሌላ ሰው ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አዲስ ፎቶ እንዲያነሳ ይጠይቁ፦ ቲኬቱ ጎን የእርስዎ ስምና የዕለቱ ቀን በእጅ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይኑር። ቲኬቱ በእጁ ያለ ሰው ይህንን በአንድ ደቂቃ ይሠራል፤ የሌለው ሰው «ቤት ረስቼዋለሁ»፣ «ካሜራዬ ተበላሽቷል» ይላል።

የወረቀት ከሆነ ተከታታይ ቁጥሩን፣ ዋጋውንና ቀኑን ያንብቡ። ሁለት ቲኬት ነው የሚሸጠው ከተባለ ቁጥሮቹ የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ አንዱ ወይም ሁለቱም ቅጂ ናቸው። ከዚያም በመጀመሪያው እርምጃ ወደ ደወሉበት የአዘጋጁ ስልክ መልሰው ደውለው የዚያን ቀን ቲኬት ቀለምና መልክ ይጠይቁ።

የስልክ ቲኬት ከሆነ ኪውአር ኮዱን በጣቱ ሸፍኖ እንዲልክልዎት ይጠይቁ። ይህ እንግዳ ሊመስልዎት ይችላል። ኮዱን ገና ሳይከፍሉ ገልጦ የላከልዎት ሰው ለሌሎችም እንደዚያው ልኳል ማለት ነው፤ በዚያን ሰዓት ከእርስዎ ቀድሞ በር ላይ የቆመ ሰው ሊኖር ይችላል። ኮዱን የሚሸፍን ሻጭ የንብረቱን ዋጋ የሚያውቅ ሻጭ ነው።

6. ክፍያ

ከሁሉ የሚሻለው በር ላይ ተገናኝቶ ቲኬትና ብር በአንድ ጊዜ መለዋወጥ ነው። ለሁለታችሁም ፍትሐዊ ነው፤ ሻጩም ቲኬቱን አስረክቦ ብር ሳያገኝ አይቀርም። ከዚህ ቀጥሎ ጥሩ የሚሆነው አዲስ አበባ ያለው ሰውዎ ቲኬቱን በዓይኑ አይቶ ሲቀበል ነው። እሱ «ያዝኩት» ብሎ ሲደውልልዎት እርስዎ ከቡራዩ ሆነው ብሩን ይልካሉ። አዘጋጁ ቲኬትን ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም የሚያዛውርበት አሠራር ካለው ደግሞ በዚያ ይጠቀሙ፤ አዲሱ ቲኬት በእርስዎ ስልክ ከወጣ የሻጩ ይሰረዛልና።

ሻጩ «እንዳትቀር ቀብድ አስገባ» ሊል ይችላል፤ ጥያቄው አግባብ ነው፤ ገዢም ይቀራል። ለቀብድ ያለኝ ልክ ይህ ነው፦ ከታክሲ ደርሶ መልስዎ ዋጋ አይብለጥ። ቢጠፋ የማያናውጥዎት፣ ሻጩን ግን የሚያስጠብቅ ይሁን። ሙሉውን ቀድሞ መክፈል ግን ከማያውቁት ሰው ጋር አይደረግም።

በቴሌብር ሲልኩ የተቀባዩን ቁጥር ራስዎ ይጻፉት፤ ከተላከልዎት ሊንክ አይክፈሉ። ቁጥሩን ሲያስገቡ የተቀባዩ ስም ይታያል። የሚስጥር ቁጥርዎን ከመንካትዎ በፊት ያን ስም ቆም ብለው ያንብቡ፤ በጥድፊያ የሚዘለለው ይሄ ነው። ስሙ ካልገጠመ ይውጡ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ወይም ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቢደክም በ*127# መላክ ይቻላል። ሲያልቅ ከ127 የጽሑፍ መልእክት ይመጣል፦ የላኩት ብር፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የግብይት ቁጥር፣ በመጨረሻም ደረሰኙን የሚያወርዱበት ማስፈንጠሪያ። ይህንን መልእክት አያጥፉት፤ ደረሰኙንም ያኔውኑ አውርደው ያስቀምጡ።

በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ የሒሳብ ቁጥሩ 13 አሃዝ ነው፤ በ1000 ይጀምራል። መተግበሪያው የባለቤቱን ስም ያሳያል፤ የግብይት ቁጥሩም በእንግሊዝኛ ኤፍቲ በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ለቴአትር ቲኬት፣ እሁድ ጥቅምት 9» ብለው ይጻፉ። ነገሩ ቢበላሽ «ያበደረኝን ብር ነው የመለሰልኝ» የሚል ክርክር እንዳይነሣ ይረዳል።

አንድ ነገር በደንብ ይያዙ፦ ደረሰኝ ብር ከእርስዎ መውጣቱን ያረጋግጣል፤ ቲኬት መኖሩን አያረጋግጥም። ብዙ ሰው የክፍያው መልእክት ሲደርሰው ጉዳዩ የተጠናቀቀ ይመስለዋል።

የሚስጥር ቁጥርዎን፣ የቴሌብሩን ባለ6 አሃዝ ፒን ጨምሮ፣ ለማንም አይስጡ። «ቲኬቱን በስምህ ለማዛወር ስልክህ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ላክልኝ» ካለዎት ስልክዎ ላይ የመጣው የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫ ነው። ከላኩለት አካውንትዎን ይወስደውና በእርስዎ ስም ለዘመዶችዎ «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ብር» ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ዛሬውኑ ወደ ቴሌግራም ማስተካከያ ገብተው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩት፤ ቲኬት ባይገዙም ይጠቅምዎታል። የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ፎቶም ለቲኬት ሻጭ አይላክም። የእሱን መጠየቅ ደግሞ ብዙም አይጠቅምም፤ የሌላ ሰው መታወቂያ ሊልክልዎት ይችላል።

ከመክፈልዎ በፊት የመጨረሻው ሥራ የጽሑፍ ልውውጡን በስክሪንሾት ማስቀረት ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ውይይቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ሙሉውን ንግግር ቢያጠፋው እጅዎ ላይ ምንም አይቀርም። መለያ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የተስማማችሁበት ዋጋና ቀን በግልጽ እንዲታዩ አድርገው ያንሱ፤ ቅጂውን ለቤተሰብ አንድ ሰው ይላኩ።

7. ርክክብ በር ላይ

ትርኢቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ይድረሱ። በመጨረሻዋ ደቂቃ የደረሰ ገዢ አይመረምርም፤ ሻጩም ይህንን ያውቃል። የመገናኛ ቦታው የአዳራሹ በር ይሁን። «እዛ ካፌ ጋ»፣ «ድልድዩ ሥር» የሚል ቀጠሮ አይቀበሉ፤ ከጥበቃና ከቆራጭ ዓይን መራቅ ለገዢ አይበጅም።

ቲኬቱን ሲያዩ ከሻጩ ጋር አብረው ወደ ቆራጩ ይቅረቡና በትሕትና ይጠይቁ፦ «እባክዎ፣ ይህ የዛሬው ቲኬት ነው?» ሥራው ነውና በአንድ እይታ ይለየዋል። እሺ ካለ ያኔ ይክፈሉ። ለስልክ ቲኬት ደግሞ ቴሌብርዎን ከፍተው፣ ብሩንና ቁጥሩን ሞልተው፣ የሚስጥር ቁጥሩ ብቻ እንዲቀር አድርገው ለሻጩ ያሳዩት፤ ኮዱ በመሣሪያው ተነቦ እሺ እንደተባለ እዚያው ያስገቡ። እሱም የእርስዎን ዝግጁነት ስላየ አይጠራጠርም። ከአንድ በላይ ቲኬት ከሆነ ሁሉም ይነበቡ። አንዱ እውነተኛ ሌላው ቅጂ የሆነበት ሽያጭ አለና በመጀመሪያው ብቻ አይረኩ።

8. ለመመለሻው

የቲኬቱ ነገር ከመቆረጡ በፊት የመመለሻው ነገር ይቆረጥ። የ8 ሰዓቱ ትርኢት ለሦስቱም ከተሞች ሰው የተሻለ ነው፤ ሲያልቅ ገና ብርሃን ስለሚኖር ወደ አየር ጤና፣ ወደ አስኮ ወይም ወደ አዲሱ ገበያ ሄዶ የሰበታን፣ የቡራዩን ወይም የሱሉልታን ታክሲ መያዝ ይቻላል። የምሽቱን ትርኢት ከገዙ ግን በራይድ ወይም በፈረስ የሚመለሱበትን ዋጋ ቀድመው ይመልከቱና በቲኬቱ ላይ ይደምሩት። ቲኬቱ ርካሽ የመሰለው ትርኢት ሲደመር ውድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

9. ከተጭበረበሩ

ያጡት መቶ ብርም ሆነ ሺህ ብር፣ ዝም አይበሉ። ቀድሞ የሚደረገው ጥሪ ነው። በቴሌብር ከሆነ 127፣ በንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይደውሉ፤ የግብይት ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የተቀባዩን ቁጥር ይንገሩ። ብሩ ገና ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ ተስፋ አለ፤ ከወጣ ግን ማስመለስ እጅግ ይከብዳል። «እስኪ እስከ ማታ ልጠብቀው፣ ይልክልኝ ይሆናል» የሚለው ትዕግሥት የሚጠቅመው አጭበርባሪውን ነው።

ቀጥሎ ስክሪንሾቶቹን፣ የክፍያ ደረሰኙንና ሐሰተኛውን ቲኬት ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ሐሰተኛውን ወረቀት ተናድደው አይቅደዱት፤ ማስረጃዎ እሱ ነው። ስክሪንሾቶቹን በወረቀት አሳትመው ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ተቀባዩ መኮንን ስልክዎ ውስጥ ሲፈልግ ከሚውል ይሻላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት ያስቀጣል፤ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለል ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተሸፍኗል። አቤቱታዎ ላይ «ቲኬት ገዝቼ አልሰጠኝም» ከማለት ይልቅ የሌለውን ቲኬት አለኝ ብሎ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር፣ ይህን ያህል ብር እንደተቀበለዎት ለይተው ይጻፉ።

ለአዘጋጁም ያሳውቁ። የሐሰተኛውን ቲኬት ተከታታይ ቁጥር ከነገሯቸው በሩ ላይ ያሉ ሠራተኞች በዚያው ቁጥር ሌላ ሰው ሲመጣ ይይዛሉ፤ አጭበርባሪው የተጠቀመበትን ግሩፕ አስተዳዳሪም በማስረጃ ይንገሩት፤ መለያ ስሙንና የቴሌብር ቁጥሩን አብረው ይላኩ፤ ስሙን ቀይሮ ሲመለስ በቁጥሩ ይታወቃል።